መሪጌታው ዝም ያሉ ዕለት

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ሸዋ ሮቢት ቁስል የማጥብ፣ መርፌ የምወጋ ድሬሰር ሆኜ ስሠራ፣ ጤና ጣቢያችን ውስጥ አንዲት የውጭ አገር ነርስ ነበረች። ሲስተር እንላታለን። ሃይማኖቷ ኩዌከር ነው። ቄስ የላቸውም፣ በውሃ አያጠምቁም፣ አያቆርቡም። እሑድ ተሰብስበው ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ እግዚአብሔር አነሣሥቶኛል ያለ ይናገራል፣ ካልሆነም እንዲሁ ይለያያሉ። አንድ እሑድ ብቸኝነቱ ቢብስብኝ ቤቷ ሄጄ አብሬያት ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ አልቀረሁም።

ከተማው ግን እኛን ፈራ። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ቃል ሳይተነፍሱ ማየት ያስፈራል። ሙት ይጠራሉ ተባለ። አንዲት እናት ወባ የጣላትን ልጇን ከእጄ ነጥቃ ራቅ ወዳለችው ካራቆሬ ይዛት ሄደች። የሲስተር ቤት ቆርቆሮ ላይም ድንጋይ ይወርድ ጀመር።

በመጨረሻ አንድ እሑድ የደብሩ መሪጌታ፣ እኛ ልንቀመጥ ስንል፣ ቀትር ላይ መጡ። በሩ ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው፦

«ያለ ጥምቀት ክርስትና የት አለ? ሥጋ ወደሙን ያልተቀበለስ በምን ይድናል? ጠይቅልኝ» አሉኝ።

ተረጎምኩላት። «ውሃውን አንንቅም» አለች ሲስተር። «በሰው ሁሉ ልብ ውስጥ ብርሃን አለ፤ ጥምቀታችን ለእሱ መታዘዝ ነው።»

«ልብማ ሌባም አለው!» አሉ።

ይህን ሳልተረጉም ራሴ ገባሁበት። «መሪጌታ፣ ባሕታውያን አርምሞ ይይዙ የለም ወይ? የእነሱ ዝምታ ጸሎት ከሆነ የእኛ ለምን ጥንቆላ ይሆናል?»

«እነሱ ተጠምቀው፣ ቆርበው፣ ልባቸውን አጥረው ነው ዝም ያሉት። እናንተ አጥር በሌለው ልብ ስትጠብቁ፣ የሚመጣው ማን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«እንግዲያው ይቀመጡና ይዩ» አልኳቸው።

ተቀመጡ። መጀመሪያ የወፍጮው ድምፅ ጠፋ፤ ከዚያ በሮቢ ወንዝ በኩል የምትጮኸው ርግብ። ዝንቦቹ እንኳ አረፉ። የሦስታችን ትንፋሽ ብቻ ቀረ፦ የሲስተር ቀስ ያለው፣ ደረታቸውን የሚያፏጫቸው የመሪጌታ፣ የእኔ። ከዚያ አራተኛ ትንፋሽ ሰማሁ። የመጣው ማንም ካልተቀመጠበት ወንበር በኩል ነው። ሩቅ መንገድ ሄዶ እንዳረፈ ሰው ረጅም ነበር። በዚያ ሙቀት ጀርባዬ ቀዘቀዘ፤ ዐይኔን መግለጥ አቃተኝ። እንደምንም ስገልጥ፣ መሪጌታ ወንበሩን ትክ ብለው እያዩ ነበር። ቀስ ብለው ተነሡ፤ ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰውም ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፉ።

ደጅ ስሸኛቸው «ስንት ነበርን?» አሉኝ።

«ሦስት» ብዬ ዋሸሁ። መቋሚያቸውን ይዘው ሄዱ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ የተናገሩትን አንድ ታካሚ ነገረኝ። «ሃይማኖታቸው ክህደት ነው፣ እንዳትከተሏቸው» ብለዋል። «ያን ቤት ግን በድንጋይ እንዳትነኩት። ባዶ አይደለም።»

ድንጋዩ ቆመ። ሰዉ ግን ከቀድሞው ይልቅ እኛን ፈራ፤ በዚያ በኩል የሚያልፍ ሁሉ ዙሮ መሄድ ያዘ። ለሲስተር ያን ዕለት የሰማሁትን ትንፋሽ ስነግራት «እኔ ምንም አልሰማሁም» አለች። ፊቷ ላይ ያየሁት ቅናት ይመስለኛል።

በዓመቱ እሷ ወደ አገሯ ተመለሰች። እኔም ዝውውር ጠይቄ፣ የጣርማ በርን ተራራ ተሻግሬ ከቆላው ወጣሁ። ዛሬም ኩዌከሮችን የሚያማ ሰው ሲገጥመኝ እሟገትላቸዋለሁ፤ እንደዚያን ጊዜው በድፍረት ግን አይደለም።