ሚሌና ዝም ያለችበት ትያትር

ባለፈው ጥቅምት ልጄ ሠናይት ደውላ፣ "ማሚ፣ ለቅዳሜ ሌላ ቀጠሮ እንዳትይዢ፣ ትያትር እንሄዳለን" አለችኝ። እዚህ ፍራንክፈርት ትያትሩን የሚያሳዩት እንግዶች የመጡት ጣልያንና ስሎቬንያ ከሚዋሰኑባት የወደብ ከተማ፣ ከትሪየስቴ ነበር። ጣልያን አገር የሚኖሩ ስሎቬኖች በገዛ ቋንቋቸው የሚጫወቱበት ትያትር ነው። ተዋንያኑ በስሎቬንኛ ይናገራሉ፤ ጣልያንኛውና ጀርመንኛው ከመድረኩ በላይ በጽሑፍ ያልፋል። ልጄ ጣልያንኛ እንደምችል ስለምታውቅ ደስ ይላታል ብላ ነው። የመጀመሪያዋ ተዋናይት አፏን ስትከፍት ግን ካፖርቴን እንደ ሕፃን ታቅፌ ቁጭ አልኩ። ያን ቋንቋ ከሰማሁት ዕድሜ ሆኖኛል።

ፍራንክፈርት የመጣሁት በደርግ ጊዜ፣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳለሁ ነው። ቦከንሃይም በሚባለው ሰፈር ከተማሪዎች ጋር ቤት ተጋርቼ እኖር ነበር፤ ሥራዬ ግን ጋሉስ ሰፈር፣ የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት ቤት ነበር። ከዚያ እንፋሎት ወጥተን ኅዳር ብርድ ውስጥ ስንገባ ከፀጉራችን ላይ ጢስ የሚወጣ ይመስላል። ትልቅ አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ይራራቃል፣ ይገናኛል፣ እንደገና ይራራቃል። በወዲያኛው ጫፍ ያለችው ሚሌና ነበረች።

ሚሌና በአሥር ዓመት ገደማ ትበልጠኛለች፤ ረጅም፣ ከንግግሯ ሳቋ የሚቀድም ሴት። ፓስፖርቷ የጣልያን፣ ቋንቋዋ ስሎቬንኛ ነው። ትሪየስቴ ሳለች መድረክ ላይ ትሠራ ነበር። ባሏን ተከትላ መጣች፤ እሱ ጥሏት ሄደ፣ እሷ ቀረች። በጾም ቀን የቦሎቄና የኮመጠጠ ጎመን ሾርባ ያለ ሥጋ ትሠራልኝ ነበር። "ስሎቬኖቹ የእኛ ነው ይላሉ፣ ጣልያኖቹም የእኛ ነው ይላሉ። አንቺ ዝም ብለሽ ብዪ" ትለኛለች።

በፋሺስቶቹ ዘመን አባቷ በስሎቬንኛ ዘፈነ ተብሎ መንገድ ላይ ተደብድቧል፤ የቤተሰቡም ስም በግድ ወደ ጣልያንኛ ተለውጧል። እኔም ስለ ጣልያኖቹ ከአያቴ የሰማሁት አለኝ። ቢሆንም ቋንቋቸውን አዲስ አበባ ከጣልያን መነኮሳይያት ተምሬ ወድጄው ነበር። ሰው ቤተሰቡን የበደለን ሕዝብ ቋንቋ ሲወድ ለራሱም ግራ ይገባዋል። ከሚሌና ጋር ሳንነጋገር የተግባባነው በዚህ ነው መሰለኝ።

አንድ መኸር ሚሌና ትያትር ጻፈች። ልጇ ትምህርት ቤት ገብቶ በአዲስ፣ በጣልያን ስም ስለሚመለስባት እናት ነው። ተዋንያኑ ግንባታ ላይ የሚሠሩ ስሎቬኖች ሲሆኑ እናቲቱን የምትጫወተው እሷ ራሷ ነበረች። አዳራሹን የሰጡን ጋሉስ ያሉት የጣልያን ሠራተኞች ማኅበር አባላት ነበሩ። ሊቀመንበራቸው ሲኞር ብሩኖ ወንበሩን ሁሉ በገዛ እጃቸው የደረደሩልን ቸር ሰው ነበሩ።

"ትርጉሙን በጣልያንኛ አንቺ ታነቢያለሽ" አለችኝ አንድ ቀን አንሶላ ስናጥፍ።

"ለምን እኔ?"

"የማንም ወገን ስላልሆንሽ። ስሎቬኖቹማ ታሪኩን ያውቁታል። እንዲሰሙን የምፈልገው ጣልያኖቹ ናቸው። ብቻ ድምፅሽ ከድምፄ ዝቅ ይበል።"

እንዲህ ተለማመድን፤ እሷ አንሶላውን ይዛ ወደ እኔ ስትመጣ በስሎቬንኛ ትናገራለች፣ እኔ ሳቀብላት በጣልያንኛ እመልሳለሁ። የልጁን ስም ግን እኔ በማነበው ወረቀት ላይ አልጻፈችውም። መጨረሻ ላይ እናቲቱ ልጇን በእውነተኛ ስሙ ትጣራለች፤ "እሱን እኔ ብቻ ነኝ የምለው" አለችኝ።

ቀኑ እሑድ ነበር። አዳራሹ እርጥብ ካፖርት፣ ወይንና ጣልያኖቹ ካስታኛ የሚሉት የተጠበሰ ፍሬ ይሸታል። ስሎቬኖቹ በግራ፣ ጣልያኖቹ በቀኝ ተቀመጡ። እሷ መድረኩ ላይ ያለ ማይክሮፎን፣ እኔ ጥግ ቆሜ በማይክሮፎን፤ አጀማመራችን ጥሩ ነበር። ኋላ ከቀኝ በኩል አንድ ሰው "አይሰማም!" አለ። ሲኞር ብሩኖ ፈገግ ብለው ሄዱና የድምፅ ማጉያውን ከፍ አደረጉት። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ጣሪያውን ሞላው። የሚሌና ከሥሩ ተቀበረ፤ አፏ ሲንቀሳቀስ ብቻ ይታየኛል።

በግራ በኩል ጉርምርምታ ተነሣ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አጥልቀው ሚስታቸውን ይዘው ወጡ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው። እኔ ማይክሮፎኑን አውርጄ ዝም አልኩ። ለአፍታ የሚሌና ድምፅ ብቻውን አዳራሹ ውስጥ ተሰማ። ወዲያው ግን በቀኝ በኩል ያሉት ወለሉን በእግራቸው እየመቱ "ጣልያንኛ! ጣልያንኛ!" ማለት ጀመሩ። አልተቆጡም። ተረት እንደተቋረጠባቸው ልጆች እየሳቁ ነበር።

ሚሌና ወደ መድረኩ ጠርዝ መጣች።

"አንብቢ።"

"ሰዎችሽ እየወጡ ነው እኮ!"

"አያለሁ። የቀሩት ይግባቸው። አንብቢ።"

አነበብኩ። እሷ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ በእጇና በፊቷ ብቻ ተጫወተች። መጨረሻው ላይ ደርሰን እኔ ዝም አልኩ። ልጁን የምትጠራበት ቦታ ነው። ሚሌና አፏን ከፈተች። በግራ በኩል ያሉትን ባዶ ወንበሮች አየች፤ አፏን መልሳ ገጠመችው። ሰዉ ያለቀ መስሎት ተነሥቶ አጨበጨበ።

ሲኞር ብሩኖ አበባውን ይዘው የመጡት ወደ እኔ ነው። "ብራቫ! በቋንቋችን እንዴት አማረ!" አሉኝ። ሚሌና ከመጋረጃው ጀርባ የእናቲቱን ሻሽ እየፈታች ነበር።

"ለምን አልጠራሽውም?" አልኳት።

"ማን ሊሰማኝ?"

ትያትሩ ዳግመኛ አልታየም። ክረምቱ ሲያልፍ ሚሌና ወደ ትሪየስቴ ተመለሰች፤ አንሶላውን ከሌላ ሴት ጋር ማጠፍ ጀመርኩ።

የዚያን ቅዳሜ ትርኢቱ ሲያልቅ ከተዋንያኑ በዕድሜ የገፉትን ሴትዮ ፈልጌ ስለ ሚሌና በጣልያንኛ ጠየቅኋቸው። አሰቡ፣ አሰቡና፣ "ከጀርመን ተመልሳ መድረክ ላይ የወጣች ሚሌና አላውቅም" አሉኝ። ስንመለስ የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ኡባን ውስጥ ሠናይት "ማሚ፣ ምን ሆነሻል?" ስትለኝ ይህን ሁሉ ነገርኳት። እስከዚያ ቀን ለማንም አውርቼው አላውቅም ነበር። "እንዴት ያለ ክፉ ሰው ነው!" አለች ስለ ሲኞር ብሩኖ። ክፉ አልነበሩም። እስኪሞቱ ድረስ ጋሉስ ባገኙኝ ቁጥር ጀላቲ ይገዙልኝ ነበር፤ አብሯቸው ላለው ሰውም ሁሉ "ያን ቆንጆ ትያትር ያነበበችልን ልጅ ይቺ ናት" ይሉ ነበር። ሚሌና የምትባል ሴት እዚያ እንደነበረች አንድም ቀን ትዝ ብሏቸው አያውቅም። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ጠልቻቸው በተገላገልኩ።