የቦምቤ ክርና የመብሩካ እንዝርት

ሸማኔው ታጁዲን በሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ከኤረር በር ገባ ብሎ ባለ ጠባብ መንደር፣ አባቱ በቆፈሩት ጉድጓድ እግሩን ከትቶ ይሠራ ነበር። እጁ ፈጣን ነው፤ ክር ግን አይደርስለትም። እሱ በአንድ ቀን ሸምኖ የሚጨርሰውን ለመፍተል ሚስቱ መብሩካና ሦስት የጎረቤት ሴቶች ከሳምንት በላይ ይፈጅባቸዋል።

«ፍጠኑ እንጂ! ክር እየጠበቀ እጄ ሥራ ፈታ» እያለ ይጮህባቸዋል።

«ሥራ ከፈታ ይፍተላ!» ትለዋለች መብሩካ። ወንድ እንዝርት አይጨብጥምና ሴቶቹ ይስቃሉ።

ቢጮህም የአባቱን ልማድ አላስቀረም ነበር። ዒድ በመጣ ቁጥር ለእያንዳንዷ ከራሷ ፈትል የተሠራ ሻሽ ይሰጣል። ሴቶቹ ሻሹን ዳሰስ አድርገው የማን እጅ እንደፈተለው ይለዩ ነበር።

ባቡር ድሬዳዋ ከገባ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነጋዴው ሐጂ ዐብዱልመጂድ ከህንድ ከተማ ከቦምቤ ተመለሱና ታጁዲንን ሱቃቸው አስጠሩት። በቦምቤ አንድ ሠራተኛ በሽመና መኪና ላይ ቆሞ በቀን የሚያወጣውን ጨርቅ እሱ በወር እንደማያወጣው ነገሩት።

ታጁዲን ተቆጣ። «ወላሂ ሐጂ፣ እጁ ከእጄ አይበልጥም! ክር ስለሚደርስለት ነው።»

«እንግዲያው ክሩን እንካ» አሉና በመኪና የተፈተለ ጥቅል አወጡለት።

ታጁዲን የተናገረው ግማሹ እውነት ነበር። በቦምቤ ክር የሚሸምነው በዚያው ዓመት ሦስት እጥፍ ሆነ። «አሁን እኔና የቦምቤው ሰው እኩል ነን» እያለ ሦስቱን ሴቶች አሰናበተ። በእሱ ስሌት አንድ ሰው የሦስት ሰው ሥራ ሠራ። አራቱ ፈታዮች በዚያ ስሌት ውስጥ ቀድሞም አልነበሩም።

ዒድ ሲደርስ መብሩካ ሻሿን ጠየቀች።

«ክሩ ያንቺ አይደለም፤ የቦምቤ ነው» አላት።

«ሻሹን ለቦምቤ ላክላታ! ሚስትህ እሷ ናት።»

እንዝርቷን ግድግዳ ላይ ሰቀለችና የሙዳይና የሌማት ስፌት ጀመረች።

ሃያ ዓመት ግድም እንዲህ ኖሩ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ታጁዲን ክር ሊወስድ ሱቅ ሄደ፤ ክር የሚደረደርበት መደርደሪያ በአቡጀዲ ተሞልቶ አገኘው።

«ክሩስ ሐጂ?»

«ክር ምን ያደርግልሃል? ጨርቁ ራሱ መጣ እኮ። ከጃፓን ነው።»

«ማነው የሚሠራው?»

«ልጃገረዶች ናቸው አሉ። አንዷ ብቻዋን ብዙ መኪና ትጠብቃለች። የኤረር በር ሸማኔ ሁሉ ቢሰበሰብ አንዲቱን አይደርስባትም። ቦምቤም ቢሆን እየተቀደመች ነው ይላሉ።»

ታጁዲን ጨርቁን ዳሰሰ፣ ወደ ብርሃን አነሣው፤ እንከን አጣበት። «ሁለት ጊዜ ሲታጠብ ያልቃል» አለ።

«ያልቃል። ሌላ ይገዛሉ።»

በማግስቱ የድሮ ፈታዮቹን ፍለጋ ወጣ። አንዷ ሞታለች፤ አንዷ ልጇን ተከትላ ድሬዳዋ ወርዳለች። ሦስተኛዋ ዐብላ በሯን ገርበብ አድርጋ «ቦምቤን ጥራት» አለችውና መልሳ ዘጋችው። የቀረችው መብሩካ ነበረች። እሷም እንዝርቷን ከግድግዳው አወረደች።

ይህ ፈትል አንድ ቁራጭ ሸማ ካልሆነለት የአባቱ ጉድጓድ እንደሚዘጋ ሁለቱም ያውቁ ነበር። ነገር ግን ጣቶቿ በስፌት ሣር ደድረዋል፤ ክሩ አንድ ቦታ ወፍሮ አንድ ቦታ ይሳሳል። እሱም እኩል የተፈተለ ክር ስለለመደ አባቱ የእጅ ፈትል እንዴት አባብለው ይወጥሩ እንደነበር ረስቷል። ባጠበቀው ቁጥር ይበጠሳል፤ በተበጠሰ ቁጥር እሷን ይሰድባል። እስከ ማታው የመግሪብ ሶላት አንድ ክንድ እንኳ አልሞላለትም። ከጉድጓዱ ወጣ፤ ተመልሶም አልገባበትም።

ቤቱን ከዚያ በኋላ ያኖረው የመብሩካ ስፌት ነው። የሣር ስፌት የሚሰፋ መኪና እስካሁን አልመጣም። ጉድጓዱ ውስጥ የስፌት ሣር አከማችታለች። ሣሩን የሚሰነጥቀውና በውኃ የሚያርሰው ታጁዲን ሲሆን ጎረቤት ግን ዛሬም «ሸማኔው» ይለዋል።

ባለፈው ዒድ ዋዜማ በመንደራቸው ሳልፍ ደጃፋቸው ላይ አየኋቸው። መብሩካ ቀይ የጃፓን ሻሽ አስራለች፤ ወስፌዋን እንደያዘች እጇ በአየር ላይ ቆሟል።

«ቶሎ በልልኝ እንጂ» አለችው። «ሣር እየጠበቀ እጄ ሥራ ፈታ።»

ታጁዲን ሣር መሰንጠቁን ቀጠለ።