የመጨረሻዋ የባሕር ጃርት

ባሏ በሞተ በሳምንቱ ሥራ ገባች። “ምን ዓይነት ልብ ነው ያላት!” አሉ ሰዎች። ልቧስ መቼ አብሯት ነበረና! ሥራ የገባው እጇ ነው።

ቤተ ሙከራው ውስጥ ጨው እየመጠነች የባሕር ውኃ የምታዘጋጅ እሷ ናት፤ ለዚህም “ጨዌ” ይሏታል። ለሙከራ የሚሆኑትን የባሕር ጃርቶች፣ እነዚያን እሾሃም ድቡልቡል እንስሳት፣ ጠልቆ የሚያመጣው ደግሞ ባሏ ነበር። ጃርት ሲያልቅ ገንዳውን አጥባ መስኮቱ ላይ ፎጣ ትሰቅላለች፤ እሱም ከባሕሩ ዳር ያየውና ባልዲውን ሞልቶ ከች ይላል። “የባሕር ውኃ መሥራት ትችዪ የለ? ለእኔም ሞቅ ያለውን ሥሪልኛ!” ይላታል፣ በፎጣው እየተጠራረገ።

እሱ ካመጣቸው የቀረችው አንዲት ጃርት ናት። ዛሬ የእሷም ተራ ደረሰ። እንቁላሎቿ ውስጥ ካልሲየም ሲያገኝ የሚበራ ቀለም ተጨምሯል። ቀድሞ ከወንድ ጃርት ተወስዶ በማቀዝቀዣ የተቀመጠው ዘር እንቁላሉ ውስጥ ሲገባ እዚያው የተከማቸው ካልሲየም ይለቀቅና ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር ያዳርሳል። ካልሆነ ጨለማ ነው።

አለቃዋ ማይክሮስኮፑ ላይ ብዙ ቆየ። “ምንም የለም። አርጅታለች መሰለኝ። በቃ ይደፋ” አለ።

“እሺ” አለች። እሺ ማለት ለምዳለች፤ መሞቱን ለነገራት ሐኪምም እሺ ነው ያለችው።

ልትደፋ ስትሄድ ዓይኗ ሚዛኑ ላይ አረፈ። የመዘነችው ካልሲየም እንዳለ ቁጭ ብሏል። ወይ ጉድ! ተኝታም ቢሆን የምትሠራውን ውኃ ያለ ካልሲየም ሠርታዋለች። ውኃው ካልሲየም ከሌለው ደግሞ ዘሩ እንቁላሉ ደጅ ቆሞ ይቀራል።

“ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እሷ ምንም አልሆነችም” አለች። “የቀረውን እንቁላል ልሞክረው። እሱ ያመጣት ናት፤ እንዲሁ አትደፋም።”

አለቃዋ አንገቱን ደፋ። “ሞክሪ እንጂ፣ ጨዌ።”

ውኃውን እንደገና ሠራች። ትንሽ ቆይቶ አለቃዋ ጮኸ፤ “በራ! ነይ፣ ነይ እዪው!”

አየችው። ብርሃኑ ከአንዱ ዳር ተነሣ፣ እንቁላሉን አዳረሰው፣ ቀስ ብሎ ጠፋ። አሁን አለቅሳለሁ ብላ ጠበቀች፤ አላለቀሰችም። ደስ ይበላት ይክፋት እንኳ አልለየላትም።

ከዚያ ገንዳውን አጠበች፤ ፎጣውን መስኮቱ ላይ ሰቀለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

“ምነው፣ ማንን ነው የምትጠብቂው?” አላት አለቃዋ።

“እሱን ነዋ” አለች። “ጃርት አልቋል እኮ።”