ወርቅ እንዳልሆነ ላሳይ ብዬ

አያ ደሴ ወንበር ስበው የቤተ ሙከራውን በር ተደግፈው ተቀምጠዋል። እኔ ውስጥ ነኝ።

የባለቤቴ አጎት ናቸው። ዛሬ ጠዋት ከአምባ ጊዮርጊስ ግማሽ የማዳበሪያ ከረጢት የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ይዘው መጡ።

«ከገብሱ ማሳ ያገኘሁት ነው። ወርቅ ከሆነ ነገ ቁፋሮ እንጀምራለን» አሉኝ። ገብሱ ገና አልደረሰም። የዓመት ቀለባቸውም እሱ ነው።

ድንጋዩ የብረትና የድኝ ውህድ መሆኑን ገና ሳየው አውቄዋለሁ። ግን አስተማሪ ነኝና በቃል ብቻ መናገር አነሰብኝ።

ፈጨሁት፣ በውሃ በጠበጥኩት፣ ሁለት ጠብታ ኬሚካል ጨምሬ አየር ነፋሁበት። በዚህ ዘዴ እንደ ወርቅ ያለ ማዕድን አረፋው ላይ ተጣብቆ ይንሳፈፋል፤ ተራው ድንጋይ ከታች ይቀራል። «ወርቅ ስላልሆነ ይሰጥማል፣ ያዩታል» አልኳቸው። የረሳሁት፣ የእሳቸው ድንጋይም በደንብ ከሚንሳፈፉት አንዱ መሆኑን ነው።

አረፋው እያብለጨለጨ ገንፍሎ ወጣ።

«ምነው ታዲያ ዋሸኸኝ?» አሉ።

«አያ፣ ይሄ እኮ ብረት ነው።»

«ብረትማ ይሰጥማል!»

ስልካቸውን አወጡ።

ባለቤቴ ጋ ደወሉ። «ባልሽ ሸጋ ሰው ነበር፤ ወርቁን ሲያይ ተለወጠ» አሏት። ስልኩን ሲያቀብሉኝ እሷም «ስጣቸው እንጂ፣ ምን ያደርግልሃል?» አለችኝ።

አሁን አረፋውን ካልሰጠኋቸው ከበሩ አይነሱልኝም። ብሰጣቸው ነገ ገብሱ ይቆፈራል፤ ብከለክላቸው ለቤተ ዘመዱ ሁሉ ሌባ ነኝ።

እናንተስ በገዛ ማስረጃችሁ ተረታችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ፣ ለማንበብ ጊዜው አለኝ።