ጭቃ ሹማችን ሞኝ ናቸው ብዬ ስከራከር

ጭቃ ሹማችን ሞኝ ነበሩ። ይህን ያኔም ብያለሁ፣ ዛሬም እላለሁ። የሙት ስም አይነሣም የሚለኝ ካለ፣ እኔ ስማቸውን በክፉ አላነሣሁም። እንዲያውም ሞኝነታቸውን በአደባባይ ሽንጤን ገትሬ የተሟገትሁላቸው እኔ ነኝ።

ደብራችን ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ፍኖተ ሰላም ያኔ ገና ወጀት ነበር የሚባለው። በእኛ አገር ጭቃ ሹምነት የዘር ተራ ነው። አገሩን ያቀኑት አባት ሦስት ልጆች ነበሯቸው ይባላል፤ የሦስቱ ዘር ሹመቱን በየዓመቱ ይቀባበለዋል። የተሾመው ግብር ይሰበስባል፣ ድንበር የተጋፉትን ያስታርቃል፣ ዓመቱ ሲሞላ ሹመቱን ለባለ ተራው አስረክቦ ወደ እርሻው ይመለሳል። ጣልያን ቡሬ ላይ ምሽግ የሠራ ጊዜ ተራው የእኒህ ሰውዬ ነበር። ጣልያን ደግሞ ተራ የሚባል ነገር አይገባውም። ፊት ለፊቱ ያገኛቸውን ሰው ካባ አለበሰና «ሹሙ አንተ ነህ» አለ። ሹመቱም እርሳቸው ላይ ቆሞ ቀረ።

ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ሌላ ካፒቴን መጣ። ይኸኛው ሕዝቡ እንዲወደው የሚሻ ዓይነት ነበር መሰለኝ፣ «አጨዳው ሲያልቅ እመጣለሁ፤ ጭቃ ሹማችሁ ይቀጥል እንደሆነ፣ ይሻር እንደሆነ ራሳችሁ ትመርጣላችሁ» ብሎ አስለፈፈ። ከዚያች ቀን ወዲያ በየማሳውም በየሰንበቴውም ወሬው አንድ ሆነ። ሰውዬው ሞኝ ናቸው ወይስ ብልህ?

ለሁለቱም ወገን ማስረጃ አልጠፋም። ከምሽጉ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተሰጥቷቸው በራቸው ላይ እንዲለጥፉት ቢታዘዙ፣ ዝናብ እንዳያበላሸው ብለው ከውስጥ በኩል ለጠፉት። የጣልያን ጥቁር ወታደር፣ አስካሪው፣ መጥቶ ወረቀቱን ከደጅ ቢያጣው ጊዜ ሊገርፋቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን እጁን ይዘው ወደ ውስጥ አስገብተው በኩራት አሳዩት። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ተብሎ አገር ሳቀባቸው። ሌላ ጊዜ ለምሽጉ ዕንቁላል አዋጡ ተባልን። ጭቃ ሹሙ ከየቤቱ ሲለቅሙ ዶሮ የታቀፈችውንም ያልታቀፈችውንም አንድ ላይ ሰበሰቡት። ቡሬ ሲደርሱ ቅርጫቱ ውስጥ ጫጩት ይንጫጫል። ካፒቴኑ ከዚያ ወዲያ ከእኛ ደብር ዕንቁላል አልጠየቀም።

አማቼ፣ የባሌ አባት፣ በዚህ ዕንቁላል ይምላሉ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤት ተቀምጠን «ብልህ ባይሆን እንዴት እንዲህ አድርጎ ይገላግለን ነበር?» አሉ። «ሞኝነቱ ለጣልያን የለበሰው ለምድ ነው።»

«አባባ፣ ይተዉኝ እባክዎ» አልሁ። «ካባው እንዳይቆሽሽ ብለው ለምድ ከላይ ደርበው የሚሄዱ ሰውዬ ናቸው። ምን ብልሃት አለ እዚህ ውስጥ?»

ሰንበቴው በሳቅ ሞላ። ጭቃ ሹሙ እዚያው ነበሩ። ለምረጡኝ ብለው በየሰንበቴው ጠላ ያስመጡ ነበር። ጠላው ሲቀዳ ይነሣሉ፣ ካባቸውን ያስተካክላሉ፣ ሰው ሁሉ ንግግር ሲጠብቅ «እንግዲህ... ጠጡ» ብለው ይቀመጣሉ። ቅስቀሳቸው ይኸው ነበር። ስንስቅባቸው አብረው ይስቃሉ።

የሚፎካከራቸው የባሌ የአክስት ልጅ ነው። ተራው የሱ ዘር ስለሆነ መፎካከሩ ስሕተት አልነበረም። ሙግት የሚያውቅ፣ ሰው ጉዳይ ሲይዝ ቆሞ የሚናገርለት ሰው ነው፤ አፉ ከተከፈተ ዳኛው እንኳ ማቋረጥ ይቸግረዋል። «ተራ ይከበር!» ይላል። «ደግሞስ እስከ መቼ በሞኝ እንመራለን?»

«ሞኝ መሆናቸውን እኔም አምናለሁ» አልሁት። «ስለዚህ ነው መመረጥ ያለባቸው። ብልህ ሹም ሳይወድ በግዱ ለጣልያን ዐይን ይሆነዋል። ሞኝ ሹም ግን ጣልያንን ራሱን ያደክመዋል።»

አነጋገሬ ለራሴም ደስ አለኝ። ነገር ግን ለጨዋታ ብቻ አልነበረም የምከራከር። ባሌ ጣልያን በገባ ሰሞን ጠመንጃውን ይዞ ወንበርማ ቆላ ወርዷል፤ አልፎ አልፎ በጨለማ ብቅ ብሎ ሳይነጋ ይመለስ ነበር። ጫካ የገባ ሰው ቤቱ ይቃጠላል፣ ከብቱ ይነዳል፣ ሚስቱ ቡሬ ትታሰራለች። ከየቤቱ ማን እንደ ጎደለ ካፒቴኑ የሚጠይቀው ጭቃ ሹሙን ነው። በክረምቱ ስለ ባሌ ጠየቃቸው። ጭቃ ሹማችንም «ሞቷል» ብለው ተመለሱ።

መንደሩ ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። በዚያው ሳምንት በንዳድ የሞተ ጎረቤት ነበረን፤ ሁለቱን አምታተዋቸዋል ተባለ። አማቼ ግን «አውቆ ነው፤ ቤታችሁን ሊያድን ነው» አሉ። እኔ እርጉዝ ነበርሁ፤ ሞኝም ይሁኑ ብልህ ቤቴ አልተቃጠለምና እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ተኛሁ። ከባሌ መልእክት የሚመጣልኝ ከቆላ በሚወጡ የሽንዲ ገበያተኞች በኩል ነው። ከሰኔ ወዲህ አልመጣም፤ ክረምት ነው፣ ፈጣም ወንዝ ሞልቷል፣ ማን ይሻገር? ጎረቤቶቼ ነገሩ እውነት እንዲመስል ለቅሶ ተቀመጪ ቢሉኝ እንቢ አልሁ። በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው። ወንድ ልጅ ወለድሁ፣ ክርስትና አስነሣሁት፣ አጨዳውም ተጋመሰ።

እንግዲህ ጭንቀቴን እዩልኝ። ጭቃ ሹሙ ሞኝ ለመሆናቸው ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የኔ ባል ነው። ያ ሙግተኛ በሰንበቴው «የሞተን ካልሞተ የማይለይ ሹም!» ባለ ቁጥር ሰው ይስቃል፣ እኔ ግን የምርጫውን ቀን አስባለሁ። ይህን ካፒቴኑ ፊት ቢለው ባሌ በሕይወት እንዳለ፣ ያለውም ጫካ እንደሆነ ነገረው ማለት ነው።

መንገድ ላይ ጠብቄ ያዝሁት። «የዶሮውን በል፣ የወረቀቱን በል። የኔን ባል ግን አታንሣ።»

«ምነው እቴ፣ ወንድሜን የማሳርድ ሰው እመስልሻለሁ?» አለኝ። ቅር አለው። እውነቱን ነው፣ ባንዳ አልነበረም። ግን ሙግተኛ ነው። ሙግተኛ ደግሞ ያለውን ከባድ ማስረጃ ሳያወጣ መቀመጥ ያመዋል።

የምርጫው ቀን ከደብሩ በታች ባለው ሜዳ ተሰበሰብን። ካፒቴኑ ወንበር ላይ፣ ቱርጁማኑ ከጎኑ ቆሞ፣ አስካሪዎቹ ከኋላ። ሽማግሌዎችና ቄሶች ፊት፣ እኛ ሴቶቹ ዳር ተቀመጥን። ጭቃ ሹሙ መጀመሪያ እንዲናገሩ ተጋበዙ። ተነሡ፣ ካባቸውን አስተካከሉ፣ ጠላ ስላልነበረ የሚሉት ጠፍቷቸው ተቀመጡ።

ሙግተኛው ተነሣ። ጋቢውን ወደ ትከሻው መለሰ። ወረቀቱን አነሣ፤ ቱርጁማኑ ሲተረጉም ካፒቴኑ ፈገግ አለ። ጫጩቶቹን አነሣ፤ ካፒቴኑ ጮክ ብሎ ሳቀ። ሰው ሲስቅለት ሙግተኛው ከፍ ከፍ እያለ ሄደ፤ እኔም ምን እንደሚመጣ ከአፉ ሳይወጣ አወቅሁት።

«ከሁሉ የሚብሰው ግን» አለ፣ «እኒህ ሰውዬ የሞተን ካልሞተ አይለዩም! ባለፈው ክረምት ቡሬ ቀርበው...»

እዚህ ላይ ዐይኑ ዐይኔ ላይ አረፈ። ነገሩን አቋረጠ።

ቱርጁማኑ ግን ተርጉሞ ጨርሷል። ካፒቴኑ ሳቁን አቆመና አንድ ነገር ጠየቀ። «ሳይሞት ሞተ የተባለው ማን ነው? ይላሉ ጌታዬ» አለ ቱርጁማኑ። ሙግተኛው ጋቢውን መልሶ ተከናነበ። ጭቃ ሹሙ መሬት መሬት ያያሉ። ካፒቴኑ ጥያቄውን ደገመ፤ አሁን ድምፁ ሌላ ነው።

ልጄን አጠገቤ ላለችው ሴት ሰጠሁ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርሁ። ሟርቱን አውቃለሁ፤ ግን ባሌ ቤቱ ከሚቃጠልና እኔ ከምታሰር ሟርቱን ይቅር ይለኛል ብዬ ተነሣሁ። ደረቴን መታሁና አወጣሁት፤

«ፈጣም ሞላ ብዬ ስጠብቅህ ከርሜ፣
ጎደለ አሉኝ ዛሬ፣ ምን ልሁን ወንድሜ!»

በእኛ አገር ሙሾ ሰምቶ የሚቀመጥ ሰው የለም። ጠላትህ ቢሆን ትነሣለህ፣ ሥራ ላይ ብትሆን ትተዋለህ። ጣልያን ይህን አያውቅም። መጀመሪያ ሴቶቹ «ወየው!» ብለው ተነሡ። ወንዶቹ ጋቢያቸውን አሸርጠው ሜዳው መካከል ገቡ። አማቼ በሽምግልናቸው ከራሳቸው ላይ ጥምጥማቸውን ጣሉ። ሙግተኛው ከሁሉ ቀድሞ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ መሬት ላይ ተንከባለለ፤ ያ ሁሉ አንደበት በአንዲት ቃል አለቀ። እኔ ደግሞ አንዱን ሙሾ ስጨርስ ሌላው ይመጣልኛል። ጀግንነቱን አነሣሁ፣ በሬ ሲጠምድ የሚያፏጨውን አነሣሁ፣ በሠርጋችን ማግሥት የተጣላነውን እንኳ አነሣሁ። ጀምሬው የነበረው ለማታለል ነው። መካከሉ ላይ ግን እንባዬ የምር ሆነ፤ እንደናፈቀኝ ያኔ አወቅሁ።

ካፒቴኑ ተነሥቶ ባርኔጣውን አወለቀ። ቱርጁማኑ «የሟቹ ሚስት ናት» ብሎ ነገረውና አማተበ። ለቅሶው በረድ ሲል ካፒቴኑ ተናገረ፤ «ሹሙ እውነቱን ተናግሯል፤ የዋሸው ይሄኛው ነው። ሹሙ ይቀጥል።» ሙግተኛው ውሸታም ተብሎም ደስ ብሎት እጅ ነሣ። ምርጫው ይኸው ነበር፤ ድምፅ የሰጠ ሰው የለም።

አስካሪዎቹ ከዐይን ሲርቁ ሰው እርስ በርሱ ተያየ፣ ቀስ በቀስም ሳቁ መጣ። ሴቶቹ እየሳሙ «አንቺስ ካፒቴኑን ራሱን ልታስለቅሺው ነበር» አሉኝ። ሙግተኛው ጉልበቴን ሊስም ሲጎነበስ አንገቱን ይዤ አነሣሁት። ጭቃ ሹሙ ብቻ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ካባቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው ይነፋረቃሉ።

«አዩልኝ አባባ» አልሁ ለአማቼ፣ «ማቆሚያውን እንኳ አያውቁም። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ!»

አማቼ «ለካፒቴኑ ነው፤ ወደ ኋላ ዞሮ ቢያይ ብሎ ነው» አሉ። ክርክራችንን እንደያዝን ቤታችን ገባን። ያን ቀን በራሴ ኮርቻለሁ፤ ለምን እደብቃለሁ? ቤቴን በአፌ ያዳንሁ ሴት ነበርሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ ልጄን አዝዬ በሬን ከፍቼ ስወጣ ሰዎች ደጄ ላይ ቆመው አገኘሁ። የነፍስ አባታችን፣ አማቼና ጭቃ ሹሙ። ጭቃ ሹሙ ካባውን አልለበሱም። በዚያ ሰዓት እንዲያ ሆነው የሚመጡ ሽማግሌዎች ምን ይዘው እንደሚመጡ የማያውቅ የለም። አማቼ ዐይኔን ማየት አልቻሉም።

መርዶ ወግ አለው፤ ቄሱ ቀስ ብለው ከሩቅ ይጀምሩታል። ጭቃ ሹሙ ግን አላስጀመሯቸውም።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ያንቺ ሙሾ አይደለም የገደለው። ሟርቱ ነው ብለሽ እንዳታስቢ። በሐምሌ ነው የሞተ።»

ቄሱ ክንዳቸውን ያዟቸው፤ እርሳቸው ግን ቀጠሉ። የእኅታቸው ልጅ ከባሌ ጋር አንድ ጫካ ነበር። በሐምሌ በጥይት ሲወድቅ አይቶ፣ ቀብሮት፣ ወሬውን ለአጎቱ ላከ። «መርዶ በአንድ ሰው አፍ አይረዳም፤ ሁለተኛ ሰው እስኪመጣ ጠበቅሁ። አንቺም እርጉዝ ነበርሽ። ከዚያ ደግሞ አራስ ሆንሽ፣ አራስ መርዶ አይነገራትም። ካፒቴኑ ሲጠይቀኝ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ እውነቱን ነገርሁት። ትላንት ሁለተኛው ሰው በሽንዲ በኩል መጣ።»

አላመንሁም። ያለኝን ማስረጃ ሁሉ ይዤ ተነሣሁ። «አንቱ ሰው ያምታታሉ!» አልኋቸው። «ሌላ ሰው ነው የሞተው! አንቱ ጫጩትና ዕንቁላል የማይለዩ፣ ደጅና ውስጥ የማይለዩ፣ ሞኝ ነዎት እኮ! አገር ሁሉ የሚያውቅዎ ሞኝ!»

አልተቆጡም።

«አዎ ልጄ፣ ሞኝ ነኝ» አሉኝ። «እሱ ግን ሞቷል።»

ልጁን ከጀርባዬ አማቼ ፈትተው ተቀበሉኝ። ቄሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መርዶውን ለመንደሩ አሰሙ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እያሰሩ መጡ፣ ከበቡኝ፣ እኔ እንድጀምርላቸው ጠበቁ። አፌን ከፈትሁ፤ የሚወጣ ነገር አልነበረም። ያለኝን ሙሾ ሁሉ በዚያ ሜዳ ላይ ለካፒቴኑ አልቅሼው ጨርሻለሁ።