በቀትር የተጠራች እኅቴ

ገዳሪፍን ሊያይ የመጣ እንግዳ ሁሉ ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ የሚለው «እናንተ አገር የሚታይ ነገር የለም እንዴ?» ነው። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ማየት ለሚፈልግ ሰው ምኑ ይጠፋል! ክረምቱ፣ እኛ በሱዳኖቹ አፍ ኸሪፍ የምንለው፣ አንዴ ጣል ካደረገ ያ የተሰነጣጠቀ ዋልካ ወዲያው ሣር ይለብሳል። በከተማው የሚያልፈው ደረቅ ወንዝ ድንገት ሞልቶ ጉቶና ቆርቆሮ እያንከባለለ ይወርዳል፤ ሰው ሥራውን ጥሎ ዳሩ ቆሞ ያየዋል። ራቅ ማለት ለሚሻ መፋዛ አለ፤ የረሐድ ወንዝ ዳር ዛፍ ሥር ምንጣፍ ዘርግቶ፣ ዓሣ እያስጠበሱ መዋል ነው። ሰሊጥ በሚያብብበት ወቅት ወደ ባሱንዳ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው ደግሞ እስከ ሰማይ ዳር አበባ ብቻ ያያል። እንግዶቼን ሁሉንም ቦታ ወስጃቸዋለሁ። ጀበሉ ጋ ግን ማንንም አልወስድም።

ጀበሉ ከከተማው ወጣ ብሎ በሜዳው መካከል ብቻውን የቆመ የድንጋይ ክምር ነው። ስሙ በዐረብኛ ተራራ ማለት ነው፤ እኔ ግን ተራራ አልለውም፤ የጎንደርን ተራራ ያየ ሰው ይስቅብኛል። ቤት ቤት የሚያካክሉ ጥቁር ድንጋዮች ተደራርበው፣ በመካከላቸው ሰው በጎኑ ብቻ የሚያልፍበት ጠባብ መተላለፊያ አለ። ከሥሩ ሐፊር አለ፤ በማሽን የተቆፈረ፣ የዝናቡን ውሃ የሚያቁር ሰፊ ኩሬ ነው። ዓርብ ዓርብ ቤተሰብ ሁሉ ምሳውን ቋጥሮ ወደዚያ ይወጣ ነበር። ቦታው ያምራል፣ አልዋሽም። ፀጥታው ግን ደስ አይልም። ፀሐይ ሲበረታ ድንጋዮቹ ከውስጥ ቋ፣ ቋ ይላሉ። እዚህ ያወሩት ነገር ማዶ ካለው ድንጋይ ሥር ይሰማል። ወፍ እንኳ ውሃውን ጠጥታ ትሄዳለች እንጂ ድንጋዩ ላይ ስታርፍ አይቼ አላውቅም። አባቴ «የገደል ማሚቶ ነው፣ ምን ያስደንቃል!» ይላል። ትራክተር ጠጋኝ ነበርና ለሁሉም ነገር ምክንያት አያጣም።

እናቴ የምታውቀው ሌላ ነው። በረሀቡ ዘመን ከጎንደር ቆላ ተነሥታ፣ መተማን አልፋ በእግሯ የመጣች ናት። በመንገድ ላይ አብራቸው የነበረች ሴት በቀትር ስሟ ሲጠራ ሰማሁ ብላ፣ «አቤት» እያለች ወደ ቁጥቋጦው ገባች። ፈለጓት፣ አጧት፣ ጥለዋት ሄዱ። እናቴ ይህን የምትነግረን ሽንኩርት እየላጠች ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሕግ አላት። የጠሪሽን ፊት ካላየሽ፣ ሦስት ጊዜ ሳትጠሪ አቤት እንዳትይ፤ ጋኔን ከሁለት በላይ አይጠራም። ደግሞም ሰው በሌለበት ሜዳ የሰው ስም ጮክ ብለሽ አትጥሪ፤ የሰማው ሁሉ ይይዘዋል።

የመጀመሪያው ሕግ ቤታችን ድረስ ገብቶ ነበር። እናቴ ከጓሮ ሆና ስትጠራን አንዴም ሁለቴም ዝም እንላለን፤ በሦስተኛው አቤት ብለን እንነሣለን። ሱዳናዊቷ ጎረቤታችን «እነዚህ ልጆች ጆሯቸው አይሰማም» ብላ አዝናልን፣ ጆሯችን ውስጥ እንዲጨመር የሰሊጥ ዘይት አሙቃ አምጥታልን ታውቃለች። እኔማ ሕጉን ወድጄዋለሁ፤ ሳህን ማጠብ ሲያስጠላኝ ሦስተኛውን አልሰማሁም እላለሁ። ትንሿ እኅቴ ግን የምሯን ነበር። ገና ትምህርት ቤት አልገባችም። ሲጠሯት ጥሪውን በጣቷ ትቆጥር ነበር።

ያ ዓርብ የኸሪፉ መጀመሪያ ነው። ሐፊሩ ሞልቷል፣ ሜዳውም ለምልሟል። አባቴ ትራክተር ከሚጠግንለት ባለ እርሻ ቦክስ ተውሶ መጣ፤ ቦክስ የምንላት ከኋላ ዕቃ የሚጫንባትን ትንሽ መኪና ነው። እኔ መፋዛ ካልሄድን ብዬ አኩርፌያለሁ። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ኩርፊያ ደግሞ በልመና አይለቅም። ጀበሉ ደረስን፣ ፉላችንን በላን፣ ሐብሐባችንን ቆረስን። አባቴ መኪናው ጥላ ሥር ጋደም አለ። እናቴ ለወጥ የሚሆን ቅጠል ልትለቅም በሐፊሩ ማዶ ዞረች። እኔ አፌን አሞጥሙጬ ሳህን አጥባለሁ፤ እኅቴ ከእኔ ትንሽ ራቅ ብላ በድንጋዩ ጥላ ጠጠር ትጫወታለች።

ነፋሱ ቆመ። የድንጋዮቹ ቋቋታም አብሮ ቆመ። ቀና ስል እኅቴ ጠጠሯን ትታ እጇን ታያለች። አንድ ጣቷን አጠፈች። ቆየት ብላ ሌላውን አጠፈች። እኔ ምንም አልሰማሁም። ሦስተኛውን አጠፈችና ጥርት ባለ ድምፅ «አቤት!» አለች። ቀሚሷን አራግፋ ድንጋዩን ዞራ ሄደች። እናቴ ጠርታት ይሆናል ብዬ ማጠቤን ቀጠልኩ።

ጥቂት ቆይቶ እናቴ በነጠላዋ ቅጠል ቋጥራ መጣች። የመጣችው ግን እኅቴ ከሄደችበት በተቃራኒው በኩል ነው።

«ልጅቱስ?» አለች።

«አንቺ ጠርተሻት ሄደች እኮ።»

«እኔ?» ቅጠሉ ከነጠላዋ ፈሰሰ። «በዚህ ቦታ እኔ ስም እጠራለሁ?»

ወዲያው አባቴ ከመኪናው ጥላ ተነሥቶ «ሐቡብ!» ብሎ ጮኸ። ዞር ስንል ከሜዳው ዳር እስከ ዳር ቡናማ የአቧራ ግድግዳ ቆሞ ይመጣል። ድምፅ የለውም። ያየሁት የሐቡብ ዓይነት ብዙ ነው፤ እንደዚያ ዝም ብሎ የሚመጣ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁም። ድንጋዩን ዞረን እስክንሮጥ ደረሰብን፤ ቀኑ ዓይን ቢወጉ የማይታይበት ሆነ።

የሐፊሩ ዳር ጭቃ ነው፤ ትልቅ ሰው እንኳ ካዳለጠው እንደ ልቡ አይወጣም። እኅቴ ዋና አታውቅም። ሦስታችንም የምናስበው ይህንኑ ነበር። እናቴ እንዳንጠፋፋ እጄን ጨብጣ ይዛኛለች። አባቴ ከፊታችን ያስላል።

«ስሟን ጥሪ እንጂ!» አላት።

«በዚህ ቦታ? በቀትር?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ውሃ ከሚበላት ጋኔን ይስማት!» አለና ራሱ ጠራት።

አንዴ ይጠራል፣ ያዳምጣል፣ ወደ ሌላ ቦታ ይሮጣል፣ እንደገና አንዴ ይጠራል። እኔም እንዲሁ። ድንጋዮቹ ድምፃችንን ተቀብለው ባላሰብነው በኩል ይመልሱታል፤ እኅቴን ከፊትም ከኋላም የሚጠሯት ስንት እንደሆኑ መለየት አቃተኝ። ግራ ቀኙን ስዳስስ፣ በግራዬ በኩል፣ ከድንጋዮቹ መሀል፣ ስሜ ተጠራ። የእኔ ስም። ቀስ ብሎ፣ በቁልምጫ፣ በእናቴ ድምፅ። እናቴ ግን በቀኜ ናት፤ እጄን ይዛለች።  እናቴ ጣቶቼን እስኪያመኝ ጨመቀቻቸው፤ እሷም ሰምታለች ማለት ነው። የፈሩት ይደርሳል የሚሉት እውነት ነው ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ።

«ቁሙ!» አለች እናቴ። «አንተም ቁም! አትሩጥ! አንዴ እየጠራን እልፍ የምንል፣ እኛ ከነሱ በምን ተለየን? ልጅቱ በምኗ ትመነን?»

አባቴ ቆመ። እናቴ እጄን ለቀቀችኝ፣ ነጠላዋን ከአፏ ላይ ገለጠች፣ አማተበች፤ ዕድሜ ልኳን ያላደረገችውንም አደረገች። ባለችበት ቆማ የልጇን ስም በዚያ ሜዳ ላይ በሙሉ ድምፅዋ ጠራች። ትንሽ ቆይታ ደገመች። ሦስተኛውን ስትጠራ ድምፅዋ ተሰበረ። 

ምንም የለም። ከዚያ በጣም ቅርብ፣ እጃችንን ብንዘረጋ ከሚደርስ ድንጋይ ሥር፣ ትንሽ ድምፅ መጣ። አቤት አላለችም።

«ማነሽ?» አለች።

 እናቴ በጉልበቷ ወደቀች። «እኔ ነኝ፣ የኔ ዓለም! እናትሽ ነኝ!»

«ያቺም እንዲህ ነው ያለችኝ።»

ሐቡቡ አልፎ ትልልቅ የዝናብ ጠብታ መውደቅ ጀመረ፤ አቧራው ሲከፈት አየናት። ሁለት ድንጋዮች መሀል ተሸጉጣ ጉልበቷን አቅፋለች። ቀሚሷ እስከ ወገቧ የሐፊር ጭቃ ነው። እኛ ከፊቷ ስንመላለስ እግራችንን ታይ ነበር፤ አጠገቧ ቆመን ስሟን ስንጠራ ትንፋሿን ይዛ ቆይታለች። እናቴ እጇን ዘረጋችላት። እኅቴ ወደ ኋላ ሸሸች፤ ጀርባዋ ድንጋዩን ነካ።

«የጠራችሽ ማን ናት?» አላት አባቴ ቀስ ብሎ።

«እምዬ ናት። ሦስቴ ጠራችኝ፤ ቆጥሬያለሁ። ነጠላዋም ይኸው ነው። ከፊት ከፊቴ እየሄደች ነይ፣ ነይ ትለኛለች። ውሃው ውስጥም ገባች፤ እኔም ገባሁ። ከዚያ ወደኔ ዞረች።»

«ስትዞርስ?»

እኅቴ እናቴን አየቻት፤ ፊቷን ብቻ፣ ለረጅም ጊዜ። «እምዬ ነበረች፣ ወላሂ» አለችና ዓይኗን በሁለት እጇ ሸፈነች።

በሌላ ቀን ቢሆን እናቴ «የክርስቲያን ልጅ ወላሂ አትልም» ብላ ትቆጣት ነበር። አባቴም የገደል ማሚቶውን ያነሣ ነበር። ያን ቀን ግን እናቴ የዘረጋችውን እጅ ቀስ ብላ ሰበሰበች። ተነሥታ ወደ መኪናው ሄደች፣ በሩን ከፍታ ከፊት ተቀመጠች። እኅቴ እሷ ከሄደች በኋላ ነው ለአባቴ እጇን የሰጠችው፤ ያን ጊዜ ለእናቴ አዘንኩ፣ እንደዚያ ለሰው አዝኜ አላውቅም።

አባቴ እኅቴን ዝናቡ እንዳይመታት ከፊት ሊያስገባት ሞከረ። በሩን ይዛ ጮኸች። ስለዚህ እሷና እኔ ከኋላ፣ ጭነት በሚጫንበት ላይ ወጣን። የመኪናውን ሸራ ተከናንበን አቀፍኳት፤ ዓይኗ ግን ከሹፌሩ ክፍል የኋላ መስኮት አይነቀልም። በመስታወቱ የእናቴ ራስና እርጥብ ነጠላዋ ይታያል። መንገዱ ጭቃ ሆኗል፤ መኪናው ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል፣ አባቴ በየጉድጓዱ ዞር እያለ ያየናል። እናቴ አንድ ጊዜም አልዞረችም። እኅቴ ከኋላ እንዳለች፣ በሕይወት እንዳለች እያወቀች፣ ልጇን እንዳታስፈራት ብላ አንገቷን አቅንታ ከተማ ገባች።