ጋሼ ያስነሱት ኮምፒውተር

ሚሊኒየሙ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ የማሠልጠኛችን ኃላፊ ግዛው በሠራተኛው ሁሉ ፊት ወደ እኔ እያየ «ለታይፕ መምህርት ኮምፒውተር ምኗ ነው?» አለ። በነጻ የሚታደለውን ሊኑክስ የተባለ የኮምፒውተር ማስነሻ ፕሮግራም በአዲሶቹ ማሽኖች ላይ እስከ ሰኞ ካልጫንኩ፣ የኮምፒውተሩን ክፍል ለእህቱ ልጅ ሊሰጠው ነው።

አንዱን ማሽን በባጃጅ ጭኜ ታቦር ሰፈር፣ አጎቴ ቤት ወሰድኩት። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሬዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ እንጂ ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁ ሰው ነበሩ። የሊኑክሱን ሲዲ ሳስገባ ማሽኑ ጥቂት መስመር ጽፎ ቀጥ ይላል። እኔም በንዴት ያገኘሁትን ሁሉ እቀያይራለሁ።

«ሦስት ነገር ነክተሽ ቢነሳ፣ የትኛው እንዳዳነው በምን ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «አንድ ብቻ ንኪ። ምን አለ? አንብቢልኝ።»

«እንግሊዝኛ ነው እኮ፣ ጋሼ።»

«የጠገንኩት ሬዲዮ ሁሉ በሲዳምኛ ተጽፎበት ነበር?»

የመጨረሻውን መስመር ፊደል በፊደል በደብተራቸው ገለበጡ። አንድ እየቀየርን፣ አንድ እየጻፍን ቀጠልን። በዘጠነኛው ሙከራ የሃርድ ዲስኩን ማስተካከያ ወደ አሮጌው አሠራር ስመልሰው ማሽኑ ተነሳ። ጋሼ ግን አልተደሰቱም።

«አሁን እንደነበረ አድርጊውና እምቢ ይበል» አሉ።

እምቢ አለ። ደግሜ ስቀይረው ተነሳ። ሳቃቸው የመጣው ያኔ ነው።

ዛሬ ማሽን ሲያስቸግረኝ «ምን አለ?» የሚለኝ የለም። ግዛውን ይቅር አላልኩትም፤ ለጋሼ ያለኝ ምስጋና ግን ከዚያ ቂም ይበልጣል።

ያን ሰኞ ማሽኖቹን ሁሉ በዚያው መንገድ አስነስቼ የሥራ መልቀቂያዬን ለግዛው ሰጠሁት። በወሩ መናኸሪያ አጠገብ የራሴን ማሠልጠኛ ከፈትኩ።